ከጎጆው መጨረሻ የወጣ

ኡሉ ኩዬል፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1997

ለእህቴ ለኩኔይ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ላሟም አለች፣ ፈረሶቹም በረዶውን በኮቴያቸው እየጫሩ ከሥሩ ሣራቸውን ይለቅማሉ፣ ጣራውም አልወደቀም። ይኸው ሰላምታዬ። ከዚህ የረዘመ ከፈለግሽ መጥተሽ ተቀበይ።

ደብዳቤሽን ትናንት አፎንያ አመጣልኝ። በብርድ ወራት መንገድ የሚሆነን ወንዙ ገና በቅጡ ስላልጠጠረ የፖስታ መኪናውን በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ነው የነዳው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም በረዶው ቢሰነጠቅ ዘልዬ እወርዳለሁ ይላል። ሻይ ቀዳሁለት፣ በብርድ የጠጠረ ጥሬ ዓሣም በስሱ ልጌ አቀረብኩለት። ሲወጣ "የእህትሽ ፖስታ እየቀለለ መጣ" አለኝ። እውነቱን ነው። ድሮ አራት ገጽ ትጽፊ ነበር።

ፕሮኮፒ እንዴት እንደሞተ እንደገና ንገሪኝ ብለሻል። ባሌን ስንቀብር ስላልነበርሽ ብትጠይቂ አይገርምም። ታምሜ ነበር አልሽ፣ እኔም አመንኩሽ። ይኸውልሽ። ፌብሩዋሪ አሥራ ሦስት፣ ከዜሮ በታች ሃምሳ ሁለት በነበረ ቀን፣ የጭነት መኪናው ሞተር ጠፋበት። ታገለው፣ አልነሳ አለው። ትርፍ ጎማውን አቃጥሎ ሞቀ። ጎማው ሲያልቅ አላፊ ሁሉ ወደሚያርፍበት ወደ መንገደኛው ጎጆ በእግሩ ተነሳ፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ደረሰ፣ ኩኔይ። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለዋል። ባሌ ግን ደርሷል። በሩን ከፍቶ ገብቶ ከኋላው ዘግቶታል።

ምድጃው ውስጥ የጠበቀው አመድ ነው። ጭራሮ የለም፣ የተፈለጠ እንጨት የለም። ክብሪቱ መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ሳጥኑ ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። በደረቀ ጣት እንዴት ይክፈተው? በጥርሱ ነክሶ ከፈተው። አፎንያ ሲያገኘው ክብሪቶቹ ጉልበቱ ሥር ተበትነው ነበር። አሥራ አንዱ ተሰብረዋል፣ አንዱም አልተለኮሰም። ሳጥኑ እኔ ጋ ነው። የጥርሱን ምልክት እያየሁ አድራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው በልቻለሁና ያን ጥርስ ከማንም ጥርስ ለይቼ አውቀዋለሁ።

አባባ ትዝ ይልሻል? በረዶ በእጃችን አስጨብጦ እስከ መቶ ያስቆጥረንና ክብሪት ለኩሱ ይለን ነበር። ሳጥኑ ዝግ ሲሆን አንቺ ታለቅሺ ነበር። ግማሽ ተከፍቶ የክብሪቶቹ ራስ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን ጣትሽ ባይታዘዝሽም በሁለት መዳፍሽ ይዘሽ ትለኩሺው ነበር። "ከጎጆ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ምድጃውን ሞልቶ፣ ክብሪቱን አውጥቶ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚገባው ሰው ጣት የለውም ብላችሁ አስቡ" ይለን ነበር። በዚህ ወንዝ ላይ ይህን ሳያውቅ ያደገ የለም። አላወቅኩም ብሎ የሚያመልጠኝም የለም። ጎጆውን ዛሬም በየሳምንቱ የማሰናዳው እኔ ነኝ።

ያን ጎጆ እንደዚያ ትቶ የሄደውን ሰው እፈልገዋለሁ። አንቺ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ነሽ። ቱሪስት ይዞ ወደዚህ የሚመጣ ሁሉ እናንተ ዘንድ ሳይመዘገብ አይወጣም። ስሙን ላኪልኝ። ካልላክሽ አፎንያ መኪና ላይ ወጥቼ እመጣና ቢሮሽ በር ላይ ቆሜ አለቃሽን እጠይቃለሁ። እንደማደርገው ታውቂያለሽ።

አኩሊና


ያኩትስክ፣ ዲሴምበር 9

እትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩት። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ጭጋጉ ከተማውን ሸፍኖት መንገድ ስንሻገር በጆሯችን እየሰማን ነው እንጂ መኪናው አይታየንም። ቤቴ ይሞቃል። እንዲህ ብዬ ስጽፍልሽ እንኳ አፍራለሁ።

ቀደም ባለው ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ፦ አይ፣ አሁን አልታመምኩም፤ የከሳሁ የመሰለሽ ፎቶው ነው። አይ፣ የማገባው ሰውም የለም። እንኳን ባል ድመትም የለኝም። ሻይ፣ መርፌና ያን የምትወጂውን ማር ያለበትን ከረሜላ ልኬልሻለሁ። አፎንያ በመንገድ እንዳይበላው ዕቃውን ሰፍቼዋለሁ።

ጎጆውን ዛሬም አንቺ እንደምታሰናጂው መጻፍሽ አሳመመኝ። ለምን ለሌላ ሰው አትተይውም? የግድ ካልሽም ያን አሮጌ ዕቃ ሁሉ አውጥተሽ ጣይው። ብርድ ልብሱንም፣ ያን ክዳን የሌለውን ማንቆርቆሪያም አቃጥይው፣ ቅበሪው። በየሳምንቱ እያየሽ ቁስልሽን አትነካኪ።

ስሙን ብነግርሽ ለአንቺ ምን ይጠቅምሻል? እሱን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ግን ቢሮ እመጣለሁ ብለሻል፣ አንቺ ደግሞ ካልሽ አትቀሪም። እዚህ መጥተሽ ሰው ፊት እንድትቆሚ አልፈልግም።

መዝገቡ እንዲህ ይላል። ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ቀን ቴሬንቲ የሚባል ሾፌርና መሪ ሁለት እንግዶች ይዞ ወጥቷል። ወደ እናንተ መንደር ነበር የሚሄደው። የአንዱ እንግዳ እግር በብርድ ስለተጎዳ ጎጆው ውስጥ አድረው፣ በአሥራ ሁለት ጠዋት ከዚያው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ እስከ አሥራ ሦስት በዚያ መንገድ ያለፈ የለም።

ሌላ የማውቀው የለም። ነገሩን በጥሞና አስቢው፣ እትዬ። እባክሽ።

ኩኔይ


ኡሉ ኩዬል፣ ዲሴምበር 28

ኩኔይ፣

ከረሜላው ደርሷል፤ ስፌትሽ አፎንያን አላቆመውም፣ ሦስት ጎደለ።

ቴሬንቲ! ይህን ሰው አውቀዋለሁ እኮ። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ገብቶ በልቷል። የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶበት ፕሮኮፒ የራሱን ፈቶ ሰጥቶታል። እኔም ካልሲውን ምድጃው ላይ አድርቄለታለሁ። ቀይ ጢም ያለው፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ። አንቺ ቢሮ ታዪዋለሽ፤ ክፉ ሰው ነው ወይ? ስሙን ሳነብ ተነስቼ ግቢውን ሦስቴ ዞርኩት፤ ውሻው ታመመች ብሎ ይከተለኝ ነበር።

ስሙ ምን ይጠቅምሻል ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ያሰብኩትን ሁሉ ብነግርሽ ደብዳቤውን አትጨርሺውም። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀላሉን ነው። ሲመጣ ጠብቄ ጎጆውን እሱ እንደተወው ልተውለት። ባዶ ምድጃ፣ ዝግ ክብሪት። የመኪናውን ነዳጅ ደግሞ ትንሽ ቀነስ ማድረግ። አንድ ሌሊት ሙሉ በዚህ ሐሳብ ተሞቅኩ። ጠዋት ግን አፎንያ ትዝ አለኝ። ጎጆው ውስጥ ቀድሞ የሚገባው አፎንያ ቢሆንስ? የመንደራችን ሐኪም ብትሆንስ? በር ላይ ቆሜ አንተ ግባ፣ አንቺ አትግቢ ልል ነው? ስለዚህ ይህን ተውኩት። ለሱ አዝኜ እንዳይመስልሽ።

በፊቴ እንዲሆን ነው የምፈልገው። በቀን ብርሃን፣ ዓይኑን እያየሁት። ያኔ ምን እንዳደረገ ከራሱ አፍ እሰማለሁ።

እናንተ እንግዶቹን መንደር ውስጥ ሰው ቤት ታሳድራላችሁ አይደል? የኔን ቤት ጻፊ። ሁለት አልጋ አለኝ፣ ሥጋ አለኝ፣ እርጎ አለኝ፣ ባህል የምትሉትም ካስፈለገ ሞልቶኛል። ቴሬንቲን ከነእንግዶቹ ላኪልኝ። እስክሪብቶው አንቺ እጅ ነው ያለው።

አንድ ነገር አልመለስሽልኝም። ከዚያ ሰውዬ ጋር የቢሮ ሰው አብሮት አልወጣም ወይ? ቋንቋ የሚያስተረጉም፣ ምግብ የሚሠራ? እንግዶች ብቻቸውን ከሾፌር ጋር ትልካላችሁ? ይህንንም መዝገቡን ጠይቂልኝ።

አኩሊና


ያኩትስክ፣ ጃንዋሪ 12

እትዬ፣

በይ እንደፈለግሽ ጽፌያለሁ። ሁለት ወረቀት አበላሽቼ ነው የጻፍኩት፤ አለቃዬ ግን ደስ አለው፣ "በዚያ መንደር ቤት የሚሰጥ አጥተን ነበር" አለ። ጃንዋሪ ሃያ ሰባት ይደርሳሉ። ቴሬንቲና ሦስት እንግዶች፤ ባልና ሚስት ሽማግሌዎችና አንዲት ፎቶ አንሺ። ሽማግሌው አጋዘን ሲያይ ያለቅሳል አሉ። ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው፣ አደራሽን። እነሱን ብርድ አይንካቸው።

መዝገቡ ስለ ሌላ ሰው አይናገርም። ተርጓሚ አንዳንዴ ይመዘገባል፣ አንዳንዴ አይመዘገብም።

ስለ ቴሬንቲ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ክፉ ሰው ነው ወይ ብለሽኛል። አይደለም። ቢሮ ሲገባ በረዶውን ውጪ አራግፎ ነው የሚገባው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን "የእህትሽ ባል እንዴት ያለ ሰው ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

እትዬ፣ መጨረሻ የወጣው እሱ ባይሆንስ? በችኮላ ጊዜ እኮ ማን መጨረሻ እንደወጣ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ይህን አስበሽዋል? አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ በደብዳቤ አይሆንም። ስንገናኝ።

ወፍራም ካልሲ ልኬልሻለሁ።

ኩኔይ


ኡሉ ኩዬል፣ ፌብሩዋሪ 6

ኩኔይ፣

ካልሲው ይሞቃል።

የቴሬንቲ እጅ ምን ሆነ ብሎ ቢሮአችሁ ተጨንቋል አሉ። አንቺም መጠየቅሽ አይቀርም። ለነሱ እሱ የነገራቸውን ነው የምነግራቸው፦ ጓንቱን አውልቆ ሞተር ሲነካካ ብርድ መታው። ለአንቺ ግን የሆነውን እነግርሻለሁ። አንዴ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሲመጡ በወግ ተቀበልኳቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሳቱ አጎረስኩ፣ ሽማግሌው አለቀሰ። በብርድ የጠጠረ ጥሬ የፈረስ ጉበት ልጌ ሰጠኋቸው፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና በላችና ጨምሩልኝ አለች። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ቴሬንቲ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ብቻ ጠጣ። ፊቴን ቀና ብሎ አላየም። እኔም "ብላ እንጂ፣ ድሮ እኮ እዚህ ቤት ትበላ ነበር" አልኩት። እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ ግን አልሳቀም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የመንገደኛውን ጎጆ ላሳያችሁ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ከዜሮ በታች ሃምሳ አንድ ነበር፤ ጥርት ያለ ቀን። ቀድሜ ብቻዬን ገባሁ። እንጨቱን ከምድጃው አውጥቼ አልጋው ሥር ከተትኩት። ክብሪቱን ኪሴ አድርጌ በቦታው የፕሮኮፒን ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ክብሪት ሞልቼ፣ ዘግቼ። ከዚያ ጠራኋቸው።

"ቴሬንቲ፣ መንገደኛ እንዴት እሳት እንደሚያነድ ለእንግዶችህ አሳያቸው" አልኩት። "ግን እንደ መንገደኛ ይሁን። አባቴ ያደርገን እንደነበረው፣ መጀመሪያ በረዶ ይዘህ እስከ መቶ ቁጠር።"

ገባው። ወዲያው ነው የገባው፣ ግንባሩ ላይ አየሁት። ጓንቱን አወለቀ፣ ወጣ፣ በሁለት እጁ በረዶ ጨበጠ፣ መቁጠር ጀመረ። እንግዶቹም በቋንቋቸው አብረውት ቆጠሩ፤ እየሳቁ። መቶ ሲሞላ አጨበጨቡለት። እሱ ግን አላቆመም። መቶ አንድ፣ መቶ ሁለት እያለ ቀጠለ። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አወረደች። ሁለት መቶ ላይ በረዶውን ጣለና ገባ።

ሳጥኑን ሲያነሳ የጥርስ ምልክቱን አየ። የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። በጣቱ ሞከረ፣ አልሆነም። በመዳፉ ሞከረ፣ ወደቀበት። ከዚያ አንስቶ ጥርሱን ምልክቱ ላይ አሳረፈው። እዚያው ቦታ ላይ፣ ኩኔይ። ክብሪቶቹ ተበተኑ። ተንበርክኮ አንዱንም ማንሳት አቃተው።

አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ "አሁን ንገረኝ" አልኩት።

"መጨረሻ የወጣሁት እኔ አይደለሁም" አለኝ፣ እንግዶቹ በማይሰሙት ድምፅ።

"ታዲያ ማን ነው?"

አየኝ። ግንባሬን አየ፣ ዓይኔን አየ፣ ብዙ አየኝ። ከዚያ "እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው፣ እኔ ነኝ" አለ። ተነስቶም ወደ ውጭ ወጣ፤ ማንም ሳያዘው እንደገና በረዶ ጨበጠ። ተከትዬው ወጥቼ ቆሜ አየሁት። ማስቆም እችል ነበር። አላስቆምኩትም። ሽማግሌው ነው መጥቶ እጁን ይዞ የጎተተው፤ እያለቀሰ።

ከዚያ እንጨቱን አወጣሁ፣ ምድጃውን ሞላሁ፣ በአንድ ክብሪት ለኮስኩ። ሐኪሟ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ከጫፋቸው ቆረጠች።

ደስ አለኝ። ልዋሽሽ አልፈልግም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለት ቀን ሙሉ እየበላሁ እየተኛሁ ከረምኩ፤ ከዓመት ወዲህ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጎጆውን ላሰናዳ ሄድኩና ማንቆርቆሪያውን አነሳሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ዓመት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ከፕሮኮፒ ጋር ጎጆውን ስናሰናዳ ማንቆርቆሪያው ክዳን ነበረው። በእጄ ገጥሜ አስቀምጬዋለሁ። የባሌን ሬሳ ላወጣ ስገባ ክዳኑ የለም። ለአፎንያም ለማንም አልተናገርኩም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ስለ ማንቆርቆሪያ ክዳን አታወራም። አንቺ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጎጆ አላየሁም ባይ ነሽ።

ክዳን የሌለው መሆኑን ማን ነገረሽ?

አኩሊና


ያኩትስክ፣ ፌብሩዋሪ 20

እትዬ፣

ሰላምታ አልጽፍም፤ የማይገባኝ ይመስለኛል።

ክዳኑን እኔ ነኝ የጣልኩት። ሻይ ላፈላ በክዳኑ በረዶ ስዝቅ ብረቱ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ደንግጬ ወረወርኩት፣ በረዶው ዋጠው። እንደ ከተማ ሰው በባዶ እጄ ነበር የያዝኩት።

አዎ፣ ነበርኩ። ተርጓሚ ሆኜ ወጣሁ። መዝገብ ላይ እንዳልጻፍ የለመንኩት አለቃዬን ነው፤ ሳትሰሚ ድንገት በርሽን ላንኳኳ፣ ላስደንግጥሽ ብዬ ነበር። የጸጉር ጌጥ ገዝቼልሽ ነበር። ከዚያ የእንግዳው እግር ጠቆረና ከጎጆው ተመለስን። መንደሩ በፈረስ ሁለት ሰዓት ነበር የቀረው።

የዚያን ጠዋት ነገር በየቀኑ እንደገና አደርገዋለሁ። ቴሬንቲ ውጪ ሞተሩን ያሞቃል። እኔ የመጨረሻውን እንጨትና ጭራሮ ለእንግዳው ጫማ ማሞቂያ አነደድኩት። ውጪ በቂ እንጨት ነበር፣ መፍለጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። "ቶሎ በሉ፣ ሞተሩ እየከዳን ነው" ብሎ ጮኸ። "እንጨቱስ?" አልኩት። "ውጡ፣ መጥረቢያዬ በሩ ኋላ ነው፣ እመለሳለሁ" አለ። ስለዚህ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው ብዬ እንግዳውን ደግፌ ወጣሁ። እሱ ግን አልገባም። በሩን ገርበብ አድርጎ እጁን ብቻ አስገብቶ መጥረቢያውን አወጣ። እኔ ምድጃውን ሞልቼ የወጣሁ መስሎት፤ እመለሳለሁ ያለው ለመጥረቢያው ብቻ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ እትዬ። እጁን ሲያስገባ አይቼ ገባ አልኩ ለራሴ። እጅ ከገባ ገባ ነው አልኩ።

ይህ ሁሉ ግማሹ ነው። ለአንድ ዓመት ደብቄው የኖርኩት ሌላኛው ግማሽ ነው። ክብሪቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ማንም አልቸኮለብኝም፣ ማንም አልጠራኝም። ምድጃውን ለኮስኩ፣ ሳጥኑን ዘጋሁ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። እዚህ ኩሽናዬ ውስጥ በየቀኑ ጋዙን ለኩሼ እንደማደርገው። አባባ መቶ ጊዜ አስተምሮኝ፣ እጄ ረሳው።

ስትቀብሩት ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ቢሮ እመጣለሁ ስትዪ ፈርቼ የሱን ስም ብቻ ሰጠሁሽ። እሱ ሞቱን የሰማን ዕለት "አንቺም ዝም በይ፣ እኔም ዝም እላለሁ" ብሎኝ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ። ባለፈው ሳምንት እጁ ተጠቅልሎ ቢሮ ገባ። የጉዞውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና "እህትሽ ደህና ናት። አንቺን ትመስላለች" አለኝ። 

ምን እንደማደርግ ንገሪኝ። የምትዪውን ሁሉ አደርጋለሁ።

ኩኔይ


ኡሉ ኩዬል፣ ማርች 5

ኩኔይ፣

ደብዳቤሽን አፎንያ ፊት ነው ያነበብኩት። "ደህና ናት?" ሲለኝ "አለች" አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ይቅር በዪኝ ብለሽ ስላልጻፍሽ ጥሩ አደረግሽ። ብትጽፊው ኖሮ ወረቀቱን እሳት ውስጥ እከተው ነበር። ሳምንት ሙሉ ስምሽን ሳልጠራ ከረምኩ። የእናታችንን ፎቶ ወደ ግድግዳው አዞርኩት፣ ግንባሯ አንቺን ይመስላልና። እኔንም ይመስላል፣ እሱን ነው መቋቋም ያቃተኝ።

ቴሬንቲ ጣቱን በአንቺ ፋንታ ነው የሰጠው። እጁን አስገብቶ ምድጃውን አለማየቱ የሱ ነው፣ ያን ያህል ይገባው ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ግን ያንቺ ነው። የኔም ነው፤ ቆሜ አይቻለሁ። የፕሮኮፒን የተኩላ ቆዳ ጓንት ልኬለታለሁ። የሁለቱ ጣት ጫፍ ባዶ ቢቀርም ይሞቀዋል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ሰኞ ዕለት ፈረሱን ጭኜ ጎጆው ሄድኩ። አንቺን አስቤ ነው የሄድኩት። እንድትመጪ ልጽፍልሽ፣ አፎንያ እዚያ ጥሎሽ እንዲሄድ ላደርግ ነበር። እንጨቱን ከምድጃው አወጣሁ። ጭራሮውን ሰብስቤ ውጪ በተንኩት። ክብሪቱን ዘጋሁ፤ አንቺ እንደዘጋሽው፣ ጥርቅም። ከዚያ ወጣሁና ፈረሱ ላይ ተቀመጥኩ። ፈረሱ አልሄድም አለ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ፈረሱ ግን ሄደ። ያቆምኩት እኔ ነኝ።

አባባ ነው ያስቆመኝ። ቀጥሎ የሚገባው ሰው ጣት የለውም ብላችሁ አስቡ ይል ነበር። እስከዛሬ አባባል ነበር። አሁን በዚህ መንገድ ላይ በእውነት ጣት የጎደለው ሰው አለ፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ። ተመልሼ ገባሁ። ፈለጥኩ፣ ሞላሁ፣ ጭራሮውን ከበረዶው ውስጥ ለቀምኩ፣ ክብሪቱን ግማሽ አውጥቼ አስቀመጥኩ። ለአንቺ ብዬ አይደለም። አታመስግኚኝ።

ምን ላድርግ ብለሻል። በረዶው መንገድ ኤፕሪል ሳይገባ ይፈርሳል፤ ከዚያ በፊት ነይ። አፎንያ እኩለ ቀን ላይ ጎጆው በር ላይ ያወርድሽና ወደ መንደር ይመጣል። አልቀበልሽም፣ በር ላይ አልጠብቅሽም። ምድጃው ተሰናድቷል፤ ለኩሺ፣ ሙቂ። ከማንቆርቆሪያው ጋር እደሪ፤ አልጣልኩትም፣ አልጥለውምም። ፕሮኮፒ ተቀምጦ የሞተው በበሩ ትይዩ ካለው ግድግዳ ሥር ነው፤ የጀርባው ቅርጽ እንጨቱ ላይ አለ፤ እዚያ ተቀመጪ።

ጠዋት ምድጃውን አመዱን ጥረጊ። እንጨት ፍለጪ። አሰናጂና ውጪ። ውጪ ሆነሽ ጠብቂኝ፣ ሰማሽ? ቢበርድሽም ውጪ።

እኔ ከአፎንያ ጋር እመጣለሁ። አንቺን ሰላም ሳልል ጓንቴን አውልቄ በረዶ እጨብጣለሁ፣ እስከ ሁለት መቶም እቆጥራለሁ። ከዚያ ብቻዬን ገብቼ አንቺ ባሰናዳሽው ክብሪት አንቺ የሞላሽውን ምድጃ ልለኩስ እሞክራለሁ። ከጭስ መውጫው ጭስ ካየሽ ግቢና ሻይ እንጠጣለን፤ የምንነጋገረውን ያኔ እንነጋገራለን። ጭስ ካላየሽ አፎንያ ሞተሩን አያጠፋም፤ አብረሽው ተመለሺ፣ ደብዳቤም አትጻፊልኝ።

ጭስ ብታዪም ባታዪም፣ ስንሄድ እንደገና የምታሰናጂው አንቺ ነሽ። ከዚያ ጎጆ መጨረሻ የምትወጪው አንቺ ነሽ።

አኩሊና